ጠዋት ጠዋት እርግቦቹን የሚበትናቸው ምንድን ነው?

ከሰገነት (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። የወፍ ነገር አላውቅም፣ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። የምኖረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ረጅም የቢሮ ሕንጻ አለ፣ አናቱ ላይ የስልክ አንቴና የተተከለበት። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ መስኮት ላይ ስቆም ጣሪያው ላይ የሚውሉት እርግቦች በአንዴ ብድግ ይላሉ። ድምፅ የለም፣ ሰው አልወጣም፣ ምንም የለም። ግር ብለው ይነሱና ጥቅጥቅ ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። ጣሪያው ለአንድ ሰዓት ያህል ባዶውን ይቀራል።

ትናንት ደግሞ በረንዳዬ ላይ ላባ ተበትኖ አገኘሁ። ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ ትራስ የተቀደደ ነው የሚመስለው። ጎረቤቴን ብጠይቀው "አሞራ ነው" ብሎኝ በሩን ዘጋ። አሞራ እርግብ ያድናል እንዴ? እኔ ያየሁት አንቴናው ላይ የተቀመጠ ጠቆር ያለ ነገር ነው፣ ቁራ የሚያህል፣ ግን ወፈር ያለ፣ አንገት የሌለው የሚመስል። በስልክ አንስቼው ነበር፣ ፎቶው ላይ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ አልለጥፈውም፣ ትስቁብኛላችሁ። ከተማ መሃል አዳኝ ወፍ ይኖራል? ወይስ የድመት ሥራ ነው?

ቀና_በሉ

ይኖራል እንጂ! እንኳን ደህና መጣሽ። ጎረቤትሽን አትቀየሚው። እኛ ጋ ክንፉን ዘርግቶ ሰማይ ላይ የሚዞር ሁሉ አሞራ ነው። ጥንብ አንሳውም አሞራ፣ ጫጩት ነጣቂውም አሞራ፣ ንስሩም ራቅ ካለ አሞራ። ጭልፊትና ጭላትማ እንደ ተናጋሪው ይቀያየራሉ፣ አንዱ ጭልፊት ያለውን ሌላው ጭላት ይለዋል። ስለዚህ እዚህ ክር ላይ እንዳንደናገር ካይት (ጫጩት ነጣቂው)፣ ፋልከን (ሾጣጣ ክንፍ ያለው ፈጣኑ አዳኝ) እያልኩ በእንግሊዝኛው እሄዳለሁ፣ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ።

ረጅም ሕንጻ ለኛ ሕንጻ ነው፣ ለፋልከን ግን ገደል ነው። ፔሬግሪን ፋልከን የሚባለው ጎጆ እንኳ አይሠራም። ገደል ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልግና ጠጠሩን ጎድጎድ አድርጎ እንቁላሉን እዚያው ነው የሚያስቀምጠው። የመስኮት ጠርዝ፣ የድልድይ ብረት፣ የቤተ ክርስቲያን ማማ፣ ሁሉም ያገለግለዋል። ምግቡ ደግሞ ከስሩ ይርመሰመሳል። ኒው ዮርክ ድልድዮች ላይ በፈረንጆቹ ከ1983 ጀምሮ ይራባል፣ ለንደንም ውስጥ አለ። ከአንታርክቲካ በቀር የሌለበት አህጉር የለም።

ግን ቸኩዬ ፔሬግሪን ነው አልልሽም። ሦስት ነገር አይተሽ ንገሪኝ። ሲበር የክንፉ ጫፍ ሾጣጣ ነው ወይስ ጣቶች የተዘረጉ ይመስላል? ጭራው ረጅም ነው አጭር? እርግቦቹ ሲነሱ እሱ ከላያቸው ነው ከስራቸው? ቀለሙን ለጊዜው ተይው። ከስር ሆነሽ ስታይው ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው።

ሹካ_ጭራ

ካይት ነው። ጨረስን።

ቀልዴን አይደለም። በአፍሪካና በእስያ ከተሞች ትልቅ ቡናማ ወፍ ጣሪያ ለጣሪያ ሲንሳፈፍ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ካይት ነው። ደልሂን ብታዩ፣ ሰው ሥጋ ወደ ላይ እየወረወረ ያበላቸዋል፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ደግሞ ሰማዩ እስኪጠቁር ይሰበሰባሉ። እኔ ራሴ አደባባይ ላይ ምሳዬን ከእጄ ነጥቆኝ ሄዷል። ጥፍሩ እንኳ አልነካኝም፣ ጣቴን ቆጠርኩ፣ አሥር ነበሩ።

መለያው ጭራው ነው። ሹካ ነው፣ መሃሉ ገባ ያለ። ሲዞር ጭራውን እንደ መሪ ግራና ቀኝ ያጣምመዋል፣ ይሄን በዚህ መጠን የሚያደርግ ሌላ ወፍ አላየሁም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ጭራውን ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋው ሹካው ይጠፋና ቀጥ ያለ ይመስላል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ላባ_ለቃሚ

ቆይ፣ ካይት ከማለታችን በፊት ላባውን እንይ። ከሰገነት፣ ላባውን ጥለሽዋል? ካልጣልሽው የአንዱን ትልቅ የክንፍ ላባ ግንድ ተመልከቺ። ድመት ወይም ሌላ አጥቢ እንስሳ ከሆነ ላባውን በጥርሱ ነው የሚቆርጠው፣ ግንዱ ተቆርጦ ወይም ታኝኮ ነው የምታገኚው፣ አንዳንዴም ብዙ ላባ በምራቅ ተጣብቆ። አዳኝ ወፍ ግን ይነቅላል። ግንዱ እስከ ሥሩ ሙሉ ነው፣ ቢበዛ በመንቁር የተቆነጠጠበት ጭረት ቢኖረው ነው።

ሌላም አለ። ፋልከን በልቶ የተወው እርግብ መልኩ ልዩ ነው። ሁለቱ ክንፎች በትከሻው አጥንት እንደተያያዙ ይቀራሉ፣ የደረቱ አጥንት ሙልጭ ብሎ ይጸዳል። ከሕንጻው ግርጌ፣ በተለይ ማንም በማይሄድበት ጥግ ፈልጊ። ሰው ይጸየፈዋል፣ እኔ ግን የብዙ ወፍ አድራሻ ያገኘሁት አንገቴን ቀና አድርጌ ሳይሆን መሬት መሬት እያየሁ ነው።

(አዎ፣ ቤቴ ውስጥ በጫማ ካርቶን የተደረደረ ላባ አለ። አትጠይቁኝ። የዱር ወፍ ላባ ማስቀመጥ የሚከለክል ሕግ ያለባቸው አገሮችም ስላሉ ከመሰብሰባችሁ በፊት ያላችሁበትን አጣሩ።)

ከሰገነት

ላባውን አልጣልኩትም! ከረጢት ውስጥ አድርጌው ነበር። ግንዱ ሙሉ ነው። አንዳንዱ ላይ ትንሽ የተጨመቀ ነገር አለ። ስለዚህ ድመቱ ነጻ ወጣ ማለት ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በክፉ ዓይን ሳየው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በደንብ አየሁት። ማለቴ፣ ለሦስት ሰከንድ። እርግቦቹ ሲነሱ እሱ ከላያቸው ነበር፣ በጣም ከላያቸው። ጭራው አጭር ነው፣ ሹካ የለውም። ክንፉ ሾጣጣ ነው፣ እንደ መልሕቅ። ከዚያ ክንፉን ሰብሰብ አደረገና ከሕንጻው ጀርባ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ጠፋ። ሹካ_ጭራ ይቅርታ።

ሹካ_ጭራ

አልተቀየምኩም። ሹካ ከሌለው የለውም።

ቀና_በሉ

እንደ መልሕቅ ነው ያልሽው? በራስሽ አፍ ተናገርሽው፣ በቃ ፋልከን ነው። አሁን የትኛው ፋልከን እንደሆነ ብቻ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ሌላም ጀማሪ ስለሚያነበው። ከተማ ውስጥ የምናያቸው አዳኞች በቅርጽ ሲታዩ ብዙ አይደሉም። ፋልከኖች ሾጣጣ ክንፍ አላቸው፣ ክንፋቸውን ጠንከር ጠንከር አድርገው በፍጥነት ይመታሉ። ስፓሮውሃክና ጎስሃክ የሚባሉት ደግሞ ክንፋቸው አጭርና ክብ፣ ጭራቸው ረጅም ነው። ሁለት ሦስቴ መታ መታ ያደርጉና ይንሸራተታሉ። ዛፍ ለዛፍ፣ አጥር ለአጥር ተደብቀው ነው የሚያጠቁት፣ ስለዚህ በሰማይ ላይ ሳይሆን በመናፈሻ ውስጥ ነው የምታገኟቸው። ጎስሃክ ድሮ የጥልቅ ጫካ ወፍ ነበር የሚባለው፣ ዛሬ በርሊን ከተማ ውስጥ ወደ 100 ጥንድ ይራባሉ። ሰው ውሻውን በሚያናፍስበት መናፈሻ። በዛርድ የሚባሉት ሰፊ ክንፍና እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጭራ ይዘው ይዞራሉ። ጥንብ አንሳ ሲበር ትልቅ ጣውላ ይመስላል፣ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ጭራው አጭር። ንስር ላይ ጭንቅላቱ ወደፊት ወጣ ብሎ በግልጽ ይታያል። አንድ ቦታ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያራገበ ወደ መሬት የሚያፈጥ ትንሽ ወፍ ካያችሁ ደግሞ ኬስትረል ነው፣ እሱም ከፋልከን ወገን ነው፣ ከተማ ይወዳል። ታናሹ ኬስትረል የሚባለውማ ጣሊያን ውስጥ ማቴራ ከተማ ላይ የድሮ ቤቶች ጣሪያ ስር በመንጋ ይፈለፍላል።

ይሄን ሁሉ ብያለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አዳኝ ወፍ የማገኘው አዳኙን በመፈለግ አይደለም። ሌሎቹን ወፎች ነው የማየው። ከሰገነትም ሳታውቀው ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ካይት ሲያልፍ እርግብ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ እንደማይደርስበት ያውቃል። ፋልከን ሲመጣ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ይነሳል፣ ከመንጋው የተነጠለ አንድ እርግብ መሆን የሚፈልግ የለም። ስፓሮውሃክ ከመጣ ትናንሾቹ ወፎች ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ጭጭ ይላሉ። ቁራዎች ተሰብስበው አንድ ዛፍ ላይ ከጮሁ እዚያ ዛፍ ውስጥ አንድ የተቀመጠ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ ጉጉት ነው። ጆሮ ካለህ ባይኖኩላር ሁለተኛ ነገር ነው።

እርግብ_አርቢው

እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት እርግብ አርብቻለሁ። በዚህ ወር ብቻ አራት ሄዶብኛል። አንደኛው ከስምንት ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ ነበር። ይሄ "ፋልከን" የምትሉት ከላይ እንደ ድንጋይ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ድምፁ እንደ ጨርቅ ሲቀደድ ነው። እናንተ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ እኔ ማታ የጎደለ እቆጥራለሁ። አንድ ሰው "መርዝ የተቀባ እርግብ ልቀቅለት" ብሎ መክሮኛል። አላደረግኩትም። ግን ሐሳቡ አልመጣብኝም ብል ውሸት ነው።

አዲስ_ጀማሪ

ጋሼ ተፈጥሮ ነው እኮ፣ ምን ይደረግ

እርግብ_አርቢው

ተፈጥሮ መሆኑን አላጣሁትም ልጄ። እርግቦቼም ተፈጥሮ ናቸው።

ቀና_በሉ

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ኀዘንዎ ይገባኛል። አራት ቀላል አይደለም። መርዙን ስላላደረጉት ደግሞ አመሰግናለሁ፣ በብዙ አገር በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑ ሳያንስ መርዝ አንድ ወፍ ላይ አይቆምም። የሞተውን ካይት ይበላዋል፣ ድመት ይበላዋል፣ ልጅም ይነካዋል።

ሰዎች የማያውቁት አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ወፎች ሊጠፉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፣ በጥይትም አይደለም። ዲዲቲ የሚባለው የነፍሳት መርዝ እህል ላይ ይረጫል፣ ነፍሳቱ ይበሉታል፣ ነፍሳቱን ትንንሽ ወፎች፣ ትንንሾቹን ፋልከን። መርዙ እያደር በሰውነታቸው ይጠራቀምና የእንቁላላቸው ቅርፊት ይሳሳል። እናትየው ልታቅፈው ስትቀመጥበት ይሰበራል። አሜሪካ ዲዲቲን በፈረንጆቹ 1972 ከለከለች፣ ሰዎች ጫጩት እያሳደጉ ለቀቁ፣ ፔሬግሪን እዚያ ከመጥፋት አደጋ ዝርዝር የወጣው በ1999 ነው። ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ወሰደ ማለት ነው።

ለእርስዎ የሚሆን ተግባራዊ ነገር ካለኝ ግን ይሄ ነው። እርግቦቹን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አይልቀቁ፣ ፋልከን ሰዓት ይይዛል። ጫጩት የሚመግቡበት ስድስት ሳምንት ገደማ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ያድናሉ። ያን ሰሞን፣ በተለይ ገና መብረር የሚለምዱትን፣ ዝግ ቢያቆዩአቸው ይሻላል። መብረር የግድ ከሆነም ሰዓቱን እየለዋወጡ፣ አጠር አድርገው ይልቀቋቸው።

እርግብ_አርቢው

ሰዓቱን እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሁሌ 1 ሰዓት ላይ ነው የምለቀው። እሱም ሁሌ 1 ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። እስቲ እናያለን።

ማታ_ማታ

የሌሊት ጥበቃ ስለሆንኩ የናንተን ቀን አላውቀውም፣ የኔን ሌሊት ልንገራችሁ። ከተማው ሲተኛ ሌላ ፈረቃ ይገባል። የምጠብቀው ግቢ ውስጥ ነጭ ፊት ያላት ጉጉት አለች፣ ፊቷ የተቆረጠ ፖም የሚመስል። መጋዘኑ ጣሪያ ስር ነው የምትኖረው። በክንፏ ድምፅ የላትም፣ ከራሴ በላይ አልፋ ነፋሷ ነክቶኝ ነው ያወቅኳት። እሷ ከመጣች ወዲህ አይጥ የለም ማለት ይቻላል። ባልደረባዬ ግን ጉጉት ሞት ታመጣለች ብሎ አንድ ወር ሙሉ ፈረቃ አልቀይርም አለኝ።

ጥያቄዬ፣ አንድ ሌሊት መብራት በበዛበት ሕንጻ ዙሪያ እንደ ፋልከን ሾጣጣ የሆነ ነገር አየሁ። ከእንቅልፌ ጋር እየታገልኩ ስለነበር ሕልም ነው ብዬ ተውኩት። ፋልከን በሌሊት ይበራል እንዴ?

ላባ_ለቃሚ

ሕልም አልነበረም! ፔሬግሪን በከተማ መብራት ሌሊት ያድናል። እንግሊዝ ውስጥ ደርቢ ካቴድራል ላይ የሚኖሩት ከበሉት ትርፍ መካከል በሌሊት ብቻ የሚጓዙ፣ ቀን ቀን ረግረግ ውስጥ ተደብቀው የሚውሉ ወፎች ላባ ተገኝቷል። ኒው ዮርክ ኢምፓየር ስቴት ላይም ሰዎች ቆመው አይተውታል። በሌሊት የሚያልፉት ስደተኛ ወፎች ሆዳቸው ከስር በሚመጣው ብርሃን ይበራል፣ እሱ ከጨለማው ይመጣባቸዋል።

ጉጉቷን በተመለከተ፣ ከስር ጥቁር የሚያብለጨልጭ፣ አውራ ጣት የሚያህል ድብልብል ነገር ታገኛለህ። ኩስ አይደለም። የማይፈጨውን ጸጉርና አጥንት ጠቅልላ በአፏ የምትተፋው ነው። በውሃ ዘፍዝፈህ በመርፌ ብትፈታው ሙሉ የአይጥ ራስ ቅል ይወጣልሃል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ግቢው ውስጥ የአይጥ መርዝ እንዳያስቀምጡ ለአለቃህ ንገር። መርዝ የበላች አይጥ ቶሎ አትሞትም፣ እየተንገዳገደች ለጉጉት ቀላል ሲሳይ ትሆናለች። ፍላኮ የሚባለው ትልቅ ጉጉት፣ በፈረንጆቹ 2023 ከኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ መካነ አራዊት ያመለጠው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከተማው ውስጥ እያደነ ኖሮ ሕንጻ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ሲመረመር በሰውነቱ ውስጥ ብዙ የአይጥ መርዝ ነበር።

ማታ_ማታ

መርዝ አለ እኮ ግቢው ውስጥ፣ ጥግ ጥግ ላይ በሳጥን። ነገ እናገራለሁ። ለባልደረባዬ ደግሞ የራስ ቅሉን አሳየዋለሁ፣ ወይ ይድናል ወይ ሥራ ይለቃል።

አዲስ_ጀማሪ

ምን ባይኖኩላር ልግዛ? 20 እጥፍ የሚያቀርብ አይቻለሁ፣ ይሻላል አይደል? ደግሞስ በድሮን ቀርቤ ባነሳው?

ቀና_በሉ

20 እጥፍ አትግዛ! የእጅህን መንቀጥቀጥም 20 እጥፍ ያደርገዋል። 8 በ42 የሚባለውን ፈልግ። 8ቱ የሚያቀርብበት ነው፣ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። ለሚበር ወፍ ደግሞ ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ ይሻላል፣ አለዚያ አንተ ወፉን ስትፈልግ እሱ ሌላ ከተማ ደርሷል። መጀመሪያ በዓይንህ ያዘው፣ ዓይንህን ሳትነቅል መነጽሩን ወደ ፊትህ አምጣ። ከቤት የምታይ ከሆነ መስኮቱን ክፈት፣ በመስታወት ውስጥ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል።

ድሮኑን ግን እርሳው። ፋልከን ድሮኑን ይመታል፣ ወይም ጎጆውን ጥሎ ይነሳል፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ጎጆ ያለበትን ቦታም በትክክል አትጻፉ፣ እዚህም ቢሆን። የሚያነበው ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

ሹካ_ጭራ

መሃል ከተማው አልበቃም? እስቲ ወደ ዳር እንውጣ። እኔ የማየው ብዙውን ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ነው። ሽታውን ከቻልክ እንደሱ ያለ ቦታ የለም። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። በማለዳ ከሄድክ ጥንብ አንሳዎቹ ምሰሶ ላይ ተኮማትረው ነው የምታገኛቸው። መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ከባድ ወፍ አይነሳም። ረፋድ ላይ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው፣ አንዱ ይነሳል፣ አንድ ቦታ ላይ መዞር ይጀምራል፣ ሌሎቹ አይተው ይከተሉታል። ያኔ እንደ ደረጃ ተደርድረው ሲወጡ ከስር እስከ ላይ መቁጠር ነው። ከፍታ ለነሱ ጨዋታ ነው። በፈረንጆቹ 1973 አቢጃን (አይቮሪ ኮስት) ሰማይ ላይ የሩፔል ጥንብ አንሳ ከአውሮፕላን ጋር ሲጋጭ ከ11,000 ሜትር በላይ ነበር።

ሰው ጥንብ አንሳ ሲባል ፊቱን ያጠቁራል፣ እኔ ግን ይሄን ሳይ ነው የምናደደው። ሕንድ ውስጥ ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱ በሰውነቱ እያለ የሞተ ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይበላሻል። በሚሊዮን የሚቆጠሩት አለቁ፣ መንግሥት ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለው በፈረንጆቹ 2006 ነው። ጥንቡን የሚያነሳ ሲጠፋ ጥንቡ ለውሾች ቀረ። አፍሪካ ውስጥም በየከተማው ቄራ ዙሪያ የምታዩት፣ ራሱ ሮዝ የሆነው ትንሹ፣ ሁድድ ጥንብ አንሳ፣ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ እጅግ አስጊ በሚባለው ደረጃ ነው ያለው። በየጣሪያው ስለምናየው የበዛ ይመስለናል።

የስደት ወቅት ላይ የማየት ዕድል ያላችሁ ደግሞ ኢስታንቡልን አትርሱ። እነዚህ ወፎች ሰፊ ውሃ ላይ ሞቃት አየር ስለማያገኙ ባሕሩ የሚጠብበትን ይፈልጋሉ፣ ያ ደግሞ ቦስፎረስ ነው፣ ከተማው መሃል። ቻምሊጃ ኮረብታ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጦ በሺህ መቁጠር ነው።

ላባ_ለቃሚ

ሹካ_ጭራ በሕይወቱ የጻፈው ረጅሙ ነገር ይሄ ነው።

ከሰገነት (ከ9 ቀን በኋላ)

ተመለስኩ። ነገሩ ተወሳስቦብኛል። ባይኖኩላር ተውሼ በየጠዋቱ ቆምኩ። ሁለት ዓይነት ወፍ ነው ያለው! አንዱ ትልቅ፣ ደረቱ ሰፊ። ሌላው በግልጽ ከሱ ያነሰ። ሁለቱም ጀርባቸው እንደ እርሳስ ግራጫ ነው፣ ጉንጫቸው ላይ ጥቁር ጺም የመሰለ ወደ ታች ወርዷል፣ ሆዳቸው ላይ አግድም መስመር አለ። አይጣሉም። ትላንት አንዱ ሌላው አጠገብ ጎንበስ ቀና እያለ ይጮህ ነበር። ሁለት ዝርያ አንድ ሕንጻ ይጋራሉ እንዴ?

ቀና_በሉ

ሁለት ዝርያ አይደለም። ባልና ሚስት ናቸው!! ትልቋ እሷ ናት። አዳኝ ወፎች ላይ በአብዛኛው ሴቷ ትበልጣለች፣ ስፓሮውሃክ ላይማ በክብደት እስከ እጥፍ ልትደርስ ትችላለች። ጥቁሩ ጺም፣ ግራጫው ጀርባ፣ አግድም መስመሩ፣ በቃ አዋቂ ፔሬግሪኖች ናቸው። ልጅ ቢሆን ጀርባው ቡናማ፣ የሆዱ መስመር ወደ ታች የወረደ ይሆን ነበር። ጎንበስ ቀና የምትይው መጠናናት ነው። ከአሁን በኋላ ትልቋን ለቀናት ካጣሻት አትደንግጪ፣ እንቁላል ታቅፋለች ማለት ነው፣ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ገደማ። ወንዱ ያድናል፣ ያመጣላታል።

ቅናት ያዘኝ። ሃያ ዓመት አንጋጥጬ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ያየሁት ካይት ብቻ ነው።

ሹካ_ጭራ

ካይት "ብቻ"?

ከሰገነት

ግን ጠርዙ የት እንደሆነ አላገኘሁትም። ከኔ በኩል የሚታየው የሕንጻው ፊት ነው፣ እነሱ ሁሌ ወደ ጀርባ ነው የሚገቡት። ከዚያ በኩል ደግሞ የማውቀው ሰው የለም።

እርግብ_አርቢው

አንቺ የምትይው አንቴና ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባ ነው? አንደኛው ዘንግ የተጣመመ?

ከሰገነት

አዎ!! እንዴት አወቁ?

እርግብ_አርቢው

ከጀርባው ነኝ እኔ። የእርግቤ ቤት ከዚያ ሕንጻ ጀርባ ነው። ለዚህ ነው ለካ።

ቦታውን አልጽፍም፣ ያ ሰውዬ አትጻፉ ብሏል። ግን ላይ አካባቢ አንድ የመስኮት ጠርዝ ስር ግድግዳው በነጭ ኩስ ተዥጎርጉሯል፣ ኖራ የፈሰሰ ይመስላል። ቀለም ቀቢ ያበላሸው መስሎኝ ስንት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እርግቦቹን 5 ሰዓት ላይ ነው የምለቀው፣ አንድ ቀን ደግሞ 9 ሰዓት ላይ። እስካሁን አልጎደለም። ጠዋት ሥራ ስለፈታሁ እሱን ስጠብቅ ነበር።

ዛሬ 1 ሰዓት ከ20 ላይ ትንሹ መጣ። እግሩ ላይ ነገር አንጠልጥሏል። እየጮኸ ነው የመጣው። ትልቋ ከጠርዙ ወጣች፣ ከስሩ መጣችና አየር ላይ ተገልብጣ በእግሯ ተቀበለችው። ሳይቆሙ፣ እየበረሩ። ሠላሳ ዓመት ወፍ አርብቼ እንደዚህ ያለ አላየሁም። እሷ ይዛ ተመለሰች፣ እሱ አንቴናው ላይ ወጣ።

እርግብ ነበር። የኔ ግን አይደለም፣ የኔዎቹ እግራቸው ላይ አረንጓዴ ቀለበት አለ።

ከሰገነት

ጋሼ፣ ከዚያ ርቀት ቀለበት እንደሌለው በምን አዩ?

እርግብ_አርቢው

በ8 በ42። ቅዳሜ ዕለት ገዛሁ።